የባሮ ወደብ፦ ስለ ጋምቤላ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የወደብ ጨዋታ በተነሳ ቁጥር አንዱ ብድግ ብሎ «ጋምቤላስ? እሷም እኮ ወደብ ነበረች» ይላል። ልክ ነው፣ ነበረች። ችግሩ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ወሬ ነው። ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«እንግሊዞች ጋምቤላን በጉልበት ያዙት»

በጉልበት የተያዘ ነገር የለም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልዕክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ ውል ተፈራረሙ። የውሉ ዋና ጉዳይ የሱዳን ድንበር ነው። ዛሬ ሁሉም የሚያነሳው ሦስተኛውን አንቀጽ ነው፤ የዓባይ፣ የጣናና የሶባት ውሃ ነገር ያለበትን። አራተኛውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ያኔ በእንግሊዝና በግብፅ ሥር የነበረው የሱዳን መንግሥት በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት እንዲከራይ የፈቀደው እሱ ነው። ቦታው ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል እዚያው ተጽፏል።

በነገራችን ላይ አንቀጹ የሚጠራው ጋምቤላን አይደለም። «ኢታንግ አካባቢ» ነው የሚለው። ኢታንግ ከጋምቤላ በታች፣ ወንዙ ወደ ሱዳን በሚወርድበት በኩል ነው። ኋላ ላይ የተመረጠችው ግን ወደ ደጋው ቀረብ የምትለው ጋምቤላ ሆነች።

«ምኒልክ ሸጡት» የሚሉም አሉ። ሽያጭ አይደለም፣ ኪራይ ነው። ጊዜውም ተወስኗል፦ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ። ሱዳን እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1956 ነፃ ወጣች። ጋምቤላም በዚያው የፈረንጆች ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች።

«ክልሉ በሙሉ የእንግሊዝ ነበር»

ውሉ የፈቀደው ቢበዛ 400 ሄክታር ነው። በወንዙ ዳር ያለው ርዝመት ደግሞ ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። አራት ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ሰው ጠዋት ተነስቶ ዞሮት ለቁርስ ይመለሳል።

«መርከቦቹ ዓመቱን ሙሉ ከካርቱም ይመላለሱ ነበር»

ይሄ ነው ትልቁ ስህተት። የጋምቤላ ንግድ እንዴት ይሠራ እንደነበር ያልገባው ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይስታል።

ባሮ ወደ ታች ወርዶ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይሆናል። ሶባት ከማላካል ትንሽ ከፍ ብሎ ነጭ ዓባይ ውስጥ ይገባል። ከዚያ እስከ ካርቱም ቀጥ ነው። መንገዱ በጠቅላላው ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ባሮ ግን የክረምት ወንዝ ነው። የእንፋሎት መርከብ የሚሸከመው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ብቻ ነው። በበጋ ውሃው ይቀንሳል፣ አሸዋው ብቅ ይላል። ውሃው ሲጎድል ያልቸኮለ መርከብ እስከሚቀጥለው ክረምት ተገትሮ ሊቀር ይችላል።

አሁን ቡናውን አስቡት። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ጎሬ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከሉ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ የሚወረድ ቁልቁለት አለ። በክረምት ያ መንገድ ጭቃ ነው፣ ጅረቱም አያሻግርም። ስለዚህ ቡናው በበጋ ከጎሬ፣ ከኢሉባቦሩ ቡሬ፣ ከደምቢ ዶሎ ይወርዳል። መርከቡ የለም። መርከቡ በክረምት ይመጣል። ያኔ ደግሞ በቅሎው የለም።

በዚህ መካከል ያለው መጋዘን ነው። ነጋዴው ቡናውን ገዝቶ፣ አውርዶ፣ ከምሮ ለወራት ይጠብቃል። ገንዘቡ በሙሉ እዚያ ጆንያ ውስጥ ነው። ኪሱ የሳሳ ሰው ይህን አይችለውም። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ ጎሬ ላይ ቅርንጫፍ፣ ጋምቤላ ላይ ወኪል መክፈቱ እኔን የማይገርመኝ ለዚህ ነው።

ከሱዳን የሚመጣውም ዕቃ ያው ነው። ጨውና አቡጀዲ በክረምት ይራገፋል፣ ወደ ደጋ የሚወጣው መንገዱ ሲደርቅ ነው። ጨው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ምዕራቡ አገር ከአፋር ስንትና ስንት ቀን ተጉዞ የሚደርሰውን አሞሌ ነበር የሚጠብቀው።

«ንግዱ የእንግሊዞች ነበር»

ባንዲራው የእነሱ ነበር፣ መርከቡም የሱዳን መንግሥት። ቡናና ሰም እየገዙ፣ ቆዳ እየሰበሰቡ የሚነግዱት ግን በአብዛኛው ግሪኮች፣ ሶርያውያንና አርመኖች ነበሩ። ከእነሱ በታች ስማቸው የትም ያልተጻፈ ባለበቅሎዎችና ተሸካሚዎች አሉ። ያለ እነሱ አንዲት ጆንያ ባሮ አትደርስም ነበር።

«የጅቡቲው ባቡር ጋምቤላን ገደላት»

እንዲያውም የጋምቤላ ጥሩ ጊዜ የመጣው ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ነው። ለጎሬ ነጋዴ ባቡር አዲስ አበባ መግባቱ ምን ያደርግለታል? አዲስ አበባ ለመድረስ ራሱ በበቅሎ ሳምንታት ይፈጃል። ጋምቤላ ግን የጥቂት ቀን መንገድ ናት።

የጎዳት መኪና ነው። የመኪና መንገድ ወደ ምዕራብ እየዘለቀ ሲመጣ ቡናው ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ። ለምን ክረምት ይጠብቃል? በዚያ ላይ የሱዳን ደቡብ ክፍል ከሱዳን ነፃነት ዋዜማ ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ገባ፤ መርከቦቹ የሚያልፉት ደግሞ በዚያው በኩል ነው። ወደቧ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰችው እንግዲህ ገበያዋ መቀዝቀዝ ሲጀምር ነው። ትንሽ ያሳዝናል።

«ከመርከቡ በፊት እዚያ ምንም አልነበረም»

አኝዋኮች ነበሩ። ባሮ ዳር እያረሱና ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ ነበር፣ ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳም ወንዙን ይሻገሩ ነበር። ታንኳው የሚፈልገው ውሃ ትንሽ ስለሆነ በበጋም አይቆምም።