ሂት ሽሪንክ ላይ ያለው 2:1 ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልጻፈው። ሂት ሽሪንክ የሽቦ መጋጠሚያ ላይ የሚገባው፣ ሲሞቅ የሚሰበሰበው የፕላስቲክ ቱቦ ነው። 2:1 የውፍረት ነገር አይደለም። ቱቦው ሲሞቅ የውስጥ ስፋቱ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ባለ 6 ሚሊሜትሩ እስከ 3 ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ላይተር ብትጨርሱበትም አይሰበሰብም።

ስለዚህ ሁለት ቦታ ለኩ። ቱቦው ሳይሞቅ ወፍራሙን መጋጠሚያ ማሳለፍ፣ ሞቆ ደግሞ ቀጭኑን ሽቦ መያዝ አለበት። እዚህ አዳማ የአንድ ባጃጅ የመብራት ሽቦ ስሠራ ሽቦው ከነልባሱ 2.5 ሚሊሜትር፣ የተበየደው መጋጠሚያ ግን 4 ነበር። ባለ 6ቱን አስገባሁ። መሀሉ ላይ ጥብቅ አለ፣ ጫፍና ጫፉ ግን ላስቲኩ እንዳለቀ ካልሲ ተንዘላዘለ፤ ውሃ ግባ የተባለ ይመስላል። ቀድጄ፣ ፈትቼ፣ በባለ 4.8 ደገምኩት፤ እሱ 2.4 ስለሚደርስ ሽቦውን ነክሶ ያዘ።

3:1 ከሆነ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ውስጡ ሙጫ መኖር አለመኖሩና ስንት ዲግሪ ላይ መሰብሰብ እንደሚጀምር ግን እንደ ዓይነቱ ይለያያል፣ ማሸጊያውን አንብቡ። ርዝመቱም ትንሽ ስለሚያጥር በግራም በቀኝም አንድ አንድ ሴንቲ ትርፍ ተዉለት።

ደግሞ ቱቦውን ሽቦው ላይ የምታስገቡት ከመበየዳችሁ በፊት ነው! እኔ ስንቴ ረስቼ እንደፈታሁ አትጠይቁኝ።