የሊበራቺ ድብቅ ሕይወት በፊልም፦ የሚወራውና እውነታው

ሊበራቺ በቀለበቶቹ፣ በጸጉር ካባውና ፒያኖው ላይ በሚያስቀምጠው መቅረዝ የሚታወቅ አሜሪካዊ ፒያኒስት ነበር። ስቲቨን ሶደርበርግ ስለ ግል ሕይወቱ «ቢሃይንድ ዘ ካንዴላብራ» («ከመቅረዙ ጀርባ») የተሰኘውን ፊልም በ2013 ሠራ (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ማይክል ዳግላስ ሊበራቺን፣ ማት ዴመን ደግሞ ወጣት ፍቅረኛውን ስኮት ቶርሰንን ሆነው ተውነዋል። ስለ ፊልሙ ሲወራ ግን አንዳንድ ስህተቶች ደጋግመው ይሰማሉ።

«የሊበራቺ የሕይወት ታሪክ ነው።»
የቶርሰን ምስክርነት ነው ቢባል ይቀርባል። ሊበራቺ የተወለደው በ1919 ዊስኮንሲን ውስጥ ነው፤ ፊልሙ የሚጀምረው ግን ሁለቱ ሲተዋወቁ፣ በ1977 ነው። የተመሠረተውም ቶርሰን በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ነው። ያኔ ሊበራቺ ከሞተ ዓመት አልፎት ስለነበር መልስ የመስጠት ዕድል አላገኘም። ስለዚህ ሲመለከቱ ሁለት ነገር መለየት ይበጃል፦ ቶርሰን በሊበራቺ ላይ የመሠረተው ክስ፣ ክሱ ያለቀበት ስምምነትና የሊበራቺ አሟሟት በመዝገብ የተደገፉ ናቸው፤ በመኝታ ቤት የተባለው ግን ያረፈው ባንድ ሰው ቃል ላይ ነው፣ እሱም ከሊበራቺ ጋር በፍርድ ቤት የተካሰሰ ሰው።

«ምስጢሩን የጠረጠረ አልነበረም።»
ሞልቶ! ሐሜቱ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በጋዜጣ ሳይቀር ይወጣ ነበር። ሊበራቺ ዝም ያሰኘው በጠበቃ ነው። በ1956 የእንግሊዙ ዴይሊ ሚረር አምደኛ ዊልያም ኮነር ስለ ሊበራቺ ሲጽፍ በግልጽ ሳይናገር የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር እንዳለው ጠቆመ። ሊበራቺ ከሰሰ፤ በ1959 ለንደን ችሎት ላይ ቀርቦ በመሐላ ካደ፤ 8,000 ፓውንድ ካሳም ተፈረደለት። እዚህ ላይ ብዙ ተመልካች የሚዘነጋው ነገር አለ። በእንግሊዝ በወንዶች መካከል የሚደረግ ግንኙነት እስከ 1967 ድረስ ወንጀል ነበርና የአምደኛው ጥቆማ የወንጀል ውንጀላም ነበር። ሊበራቺ «አዎ» ቢል ኖሮ ክሱን ከመሸነፍ አልፎ እንጀራውንም ያጣ ነበር። ከዚያ በኋላ በሕይወት ዘመኑ ሁሉ እውነቱን በይፋ አልተናገረም። አንዴ በመሐላ የካደ ሰው ቃሉን ማጠፍ ይከብደዋል፤ በፊልሙ የሚታየው የሊበራቺ ጥንቃቄ ሁሉ ከዚያ ፍርድ በኋላ የመጣ መሆኑን ያላወቀ ሰው ከልክ ያለፈ ፍርሃት ሊመስለው ይችላል።

«ቶርሰን ከክሱ ሚሊዮኖች አገኘ።»
ሊበራቺ ሊጦረኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር ብሎ ከስሶ የጠየቀው 113 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ በ1982። ያገኘው 95,000፦ 75,000 በጥሬ ገንዘብ፣ ቀሪው 20,000 ደግሞ የሦስት መኪናና የሦስት ውሻ ግምት። ይህም በ1986 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ያለቀ ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ሰዎች በመካከላቸው ስምምነት ከነበረ መካሰስ እንደሚችሉ ወስኖ ነበር። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው፦ «ዕድሜ ልክህን እጦርሃለሁ» የሚል የቃል ተስፋ ብቻ ይዞ ችሎት መቆም ከባድ ነው።

«የፊት ቀዶ ጥገናው የደራሲ ፈጠራ ነው።»
አይደለም። ሊበራቺን እንዲመስል ፊቱ እንደተቀየረ ቶርሰን ራሱ ጽፏል።

«ፒያኖውን ዳግላስ ራሱ ነው የተጫወተው።»
ጣቶቹ የባለሙያ ፒያኒስት ናቸው። በተለመደው መንገድ ካሜራው ወይ እጅ ብቻ ወይ ፊት ብቻ ያሳያል፤ የምስሉን መቆራረጥ ያየ ሰው ወዲያው ይነቃበታል። እዚህ ግን በአንዳንድ ትዕይንት የዳግላስ ጭንቅላት በኮምፒውተር በፒያኒስቱ ሰውነት ላይ ስለተቀመጠ ፊትና እጅ አንድ ላይ ይታያሉ።

«ደካማ ስለሆነ ነው በቴሌቪዥን የቀረው።»
ሶደርበርግ እንደተናገረው የሆሊውድ ስቱዲዮዎች የሸሹት ጉዳዩ የሁለት ወንዶች ፍቅር ስለሆነ ነው፤ ገንዘቡን ያወጣው የአሜሪካው የኬብል ቴሌቪዥን ኤችቢኦ ነው። ፊልሙ በፈረንሳዩ ካን ፌስቲቫል ላይ ለዋናው ሽልማት ለፓልም ዶር ተወዳደረ፣ በእንግሊዝ ሲኒማ ቤት ታየ፣ 11 ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማትም ወሰደ። ለኦስካር ያልታጨው በአሜሪካ መጀመሪያ የታየው በቴሌቪዥን ስለሆነ ነው፤ ደንቡ አይፈቅድም።

«ሊበራቺ የሞተው በልብ ሕመም ነው።»
ሐኪሙ የፈረመው ወረቀት እንዲያ ይል ነበር። ሊበራቺ ፓልም ስፕሪንግስ ላይ ያረፈው ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1987 ነው። ከዚያ በፊት አጠገቡ የነበሩ ሰዎች የከሳው ሐብሐብ ብቻ እየበላ ስለሆነ ነው ይሉ ነበር። የሪቨርሳይድ አውራጃ የአስከሬን መርማሪ ግን ወረቀቱን አልተቀበለም፤ ለቀብር ተዘጋጅቶ ሎስ አንጀለስ የደረሰውን አስከሬን አስመልሶ አስመረመረ። ውጤቱ በኤድስ ምክንያት የመጣ የሳንባ ምች ሆነ፤ የሞት መዝገቡም በዚሁ ተስተካከለ።