ጾም ነው ፍስክ? የምግብ ምርጫን መለካት በሰሜን ሸዋ

ሰው የዕለት ምግቡን ሲመርጥ ምን እንደሚያይ መለካት ይቻላል። ለዚህ በብዙ አገር የሚሠራበት የምግብ ምርጫ መጠይቅ ነው። አንድሩ ስቴፕቶ፣ ቴሳ ፖላርድና ጄን ዋርድል ለንደን ላይ አዘጋጅተው በ1995 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። 36 ጥያቄዎች አሉት፤ ሁሉም የሚጠይቁት በአዘቦት ቀን ስለሚበላ ምግብ ነው። መላሹ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ይሰጣል። 1 «ለእኔ ምንም አስፈላጊ አይደለም»፣ 4 ደግሞ «ለእኔ በጣም አስፈላጊ ነው» እንደማለት ነው። ጥያቄዎቹ በ9 ምክንያቶች ይመደባሉ፦ ጤና፣ ስሜት፣ የአሠራር ቅለት፣ ጣዕምና መልክ፣ ተፈጥሯዊነት፣ ዋጋ፣ ክብደት መቆጣጠር፣ ልማድና ሥነ ምግባር። የየምድቡ አማካይ ሲወጣ የትኛው እንደሚያመዝን ይታያል።

አሁን መጠይቁን ይዘን ደብረ ብርሃን እንሂድ። ችግሩ ገና ከመነሻው ይጀምራል። አዘቦት የትኛው ቀን ነው? ማክሰኞ ወይስ ረቡዕ? ለተዋሕዶ ምእመን ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይነካም። ማክሰኞ የተጠየቀችና ረቡዕ የተጠየቀች ሴት የሚታያቸው ማዕድ ለየቅል ነው። ከ36ቱ ጥያቄዎች ግን ስለ ሃይማኖት የሚያነሳ አንድም የለም። በ2000 እ.ኤ.አ. የፊንላንድ ተመራማሪዎች የሥነ ምግባሩን ክፍል ሲያሰፉ ሃይማኖትን ጨምረውበታል፤ ደግ አደረጉ። እዚህ ከዋጋም ከጣዕምም በፊት የሚጠየቀው «ጾም ነው ፍስክ?» ነው። ወደ ቆላው፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ላለው ሙስሊም ደግሞ የሥጋው አስተራረድ ይቀድማል።

ክብደትን የሚመለከቱት ጥያቄዎችም መታሰብ አለባቸው። «ካሎሪው አነስተኛ የሆነ» የሚል አለ። በመንዝ ብርድ ሲያርስ የሚውል ገበሬ የሚፈልገው ሆድ የሚይዝ ምግብ ነው። ጠዋት በሶ ጨብጦ የሚወጣው እስከ ቀትር እንዲያቆየው ብሎ ነው። ስለዚህ «ቶሎ የማያስርብ» የሚል ጥያቄ ቢጨመር እላለሁ። «በልጅነቴ ከምበላው ጋር የሚመሳሰል» የሚለው ግን እንዳለ ይሠራል። የገብስ ቆሎ ያላሳደገው ደገኛ የት ይገኛል?

የዋጋ ጥያቄ ትርጉም የሚሰጠው ከገበያ ለሚሸምት ነው። ነጩን ጤፍ ሸጦ ሰርገኛውን የሚበላ ገበሬ ግን ለዋጋ ስንት ይስጥ? የከተማዋን ሸማች እህል ገበያ ቆመው ይዩዋት። ከጆንያው ጤፍ ትዘግናለች። መዳፏ ላይ ዘርግታ እፍ ትላለች። አሸዋና እንክርዳድ እንዳለው ታያለች። ቀጥላ «የምንጃር ነው?» ትላለች። ዋጋ የምትጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። መጠይቁ በተለያየ ምድብ ያስቀመጠውን ጥራት፣ ምንጭና ዋጋ እሷ በአንድ ጭብጥ ጨረሰችው።

ሌላው፣ መጠይቁ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ እንደሚመርጥ ይቆጥራል። እዚህ ቤተሰቡ የሚበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ ምን እንደሚሠራ የምትወስነው በአብዛኛው የቤቱ እመቤት ናት። ባልየው ለጣዕም 4 ቢሰጥ፣ ወጡን የወሰነው እሱ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ጓዳ የምትገባዋ ትጠየቅ።

መጠይቁ ወደ አማርኛ ከተተረጎመ በኋላ ትርጉሙን ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት ከዋናው ጋር ይመሳከራል። ማንበብ ለማይችል ጥያቄው ይነበብለታል፤ ቁጥሩ ካስቸገረው ከ1 እስከ 4 ባቄላ ያንሣ። ቅጹ አናት ላይ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት፣ ዕለቱና «ጾም» ወይም «ፍስክ» ይጻፍ።