ባሕረ ሐሳብ በወሎ

ባሕረ ሐሳብ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጽዋማትንና ተዘዋዋሪ በዓላትን የምታወጣበት የዘመን ስሌት ነው። በወሎ አድባራትና ገዳማት የቆሎ ተማሪው ይህን ትምህርት አብዛኛውን ያለ ወረቀት በቃሉ ይይዘዋል፤ ሒሳብና ጸሎት በአንድ ጉባኤ የሚገኙበት ትምህርት እንደመሆኑ፣ እምነትና ሳይንስ ይጣላሉ የሚለው ክርክር እዚህ ብዙም ቦታ አላገኘም።

ከወሎ ገዳማት ሁሉ ታሪኩ በይበልጥ የተመዘገበለት ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከደብረ ዳሞ የመጡት አባ ኢየሱስ ሞዓ በዚያ ገዳማዊ ሥርዓት አጽንተው ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበሩ። በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚጠራው አራቱ ወንጌል ዘመናቸው ከታወቀ ጥንታውያን የግእዝ የብራና መጻሕፍት አንዱ ሲሆን፣ ወደ 1280 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጻፈ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ጦርነት ገዳሙ ተዘርፏል።

የስሌቱን ምንጭ በተመለከተ፣ ትውፊቱ 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ በሱባኤ ተገልጦለት እንዳወጣው ያስተምራል። የሥነ ፈለክ ታሪክ አጥኚው ኦቶ ኖይገባወር ግን የኢትዮጵያው ቀመር የጥንቱን የእስክንድርያ ስሌት ጠብቆ ያቆየ መሆኑን አሳይቷል። ስሌቱን በእስክንድርያ ላይ የሚያገናኙት ሁለቱ አባባሎች የሚጋጩ አይመስሉም።

አሠራሩን በ2017 ዓ.ም. እንመልከት። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) 7517 ይሆናል። ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በተራ ስለሚጠሩ፣ ይህ ለ4 ሲካፈል 1 ሲተርፍ ዘመኑ ማቴዎስ ነው፤ ለ19 ሲካፈል ደግሞ 12 ይተርፋል፣ መደቡም (ዓመቱ በ19 ዓመቱ ዑደት ውስጥ ያለው ተራ) እርሱ ነው። ከመደቡ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ይወጣል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴው፣ ማለትም የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት ቁጥር፣ 1 ይሆናል፤ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዑ፣ ማለትም የነነዌ ጾም የሚሰላበት ቁጥር፣ 29 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሙላታቸው ለተማሪው የስሌቱ ማረጋገጫ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም 29 ይውላል፤ ዕለቱም ረቡዕ ሲሆን ተውሳኩ (ለየዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር) 4 ነው። 29 እና 4 ድምራቸው 33 ሆኖ 30 ሲነሣለት 3 ስለሚቀር ጾመ ነነዌ ከጥር አልፎ የካቲት 3 ሰኞ ይገባል፤ ከዚያ 69 ቀን ተቆጥሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ይውላል።

ቀመሩ የተመሠረተበት ሐቅ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ሊገጥም ጥቂት ብቻ የሚቀረው መሆኑ ነው። አበቅቴን ለማግኘት ወንበሩ የሚባዛበት 11 ደግሞ በ365 ቀን የፀሐይ ዓመትና በ354 ቀን የጨረቃ ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ይህን ለመረዳት የወሎ ሰው መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ እስላምና ክርስቲያን በአንድ መንደር፣ አልፎም በአንድ ቤተሰብ በሚኖርበት አገር፣ የጎረቤቱ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየመጣ የክረምቱንም የበጋውንም ወር ሲዞር ያየዋልና።

አንድ ነቀፌታ አለ። ቀመሩ ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ አድርጎ ስለሚቆጥር ከእውነተኛው የፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ገደማ ይረዝማል፤ ይህም በ128 ዓመት አንድ ቀን ያህል ያዛንፋል። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይህን በ1582 እ.ኤ.አ. አርማዋለች፤ የእኛ ሊቃውንት ግን የተረከቡትን ጠብቀዋል፣ ሥርዓቱም በራሱ መለኪያ አይፋለስም።

ከዚህ ጥንቃቄ የሚታየው አንዱ የላሊበላ የልደት በዓል ነው። ከመጋቢት 29 ፅንሰት እስከ ልደት 9 ወር ከ5 ቀን መሆን ስላለበት፣ በሉቃስ ዘመን ጳጉሜን 6 ስትሆን በተከታዩ የዮሐንስ ዘመን በዓሉ በአንድ ቀን ይቀድማል። ስለዚህም በ2016 ዓ.ም. ከዓለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ለመሳለም ላስታ የወጣ ምእመን ልደትን ያከበረው ታኅሣሥ 28 ነው።