«ጥግ ጥጉን ንዳ» እና ሌሎች ብስክሌተኛ የሚጥሉ ምክሮች

ወሎ ውስጥ ልጅ ብስክሌት ይዞ ከግቢ ሲወጣ ከኋላው የሚከተለው ምርቃትና ምክር አንድ ነው፦ «አላህ ይጠብቅህ፣ ጥግ ጥጉን ንዳ!» ምርቃቱን አሜን ብለን እንቀበል። ምክሩ ግን ስንት ጊዜ ቢታረም ተመልሶ ይመጣል፤ ዕድሜ ልኩን ሲነዳ የኖረ ሰው እንኳ ለጀማሪ የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ከእሱ እንጀምር።

«ጥግ መያዝ ከሁሉም ይሻላል»

ዳሩ ባዶ በሆነ መንገድ ላይ ልክ ነው። መኪና ተደርድሮ በቆመበት ግን «ጥግ» ማለት የመንገዱ ጥግ መሆኑ ቀርቶ የመኪኖቹ ጎን ይሆናል። አገራችን የሚነዳው በቀኝ ነው፣ ሾፌሩም የሚቀመጠው በግራ። ስለዚህ በቀኝ ዳር የቆመ መኪና የሾፌር በር የሚከፈተው ብስክሌተኛው ወደሚያልፍበት ነው።

ልኩን እንየው። የቤት መኪና በር ወለል ብሎ ሲከፈት ከመኪናው ጎን ወደ አንድ ሜትር ይወጣል። የብስክሌት መሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ 30። እንግዲህ ጎማው ከመኪናው 1 ሜትር ከ30 ርቆ ቢሄድ፣ የመሪው ጫፍ በሩን ታክኮ ያልፋል፤ ያውም ጉድጓድ ወይም ንፋስ ካላወዛወዘው። ስለዚህ አንድ ሜትር ተኩል ያዙ። ሜትር ይዞ የሚነዳ የለምና ሦስት ክንድ ብላችሁ ገምቱ፤ ሸማኔው የሚለካበት ክንድ፣ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ።

ይህን ያህል የምንጨቃጨቅበት ምክንያት አወዳደቁ ነው። መጀመሪያ በሩን የሚነካው አብዛኛውን ጊዜ የመሪው ቀኝ ጫፍ ነው። ቀኙ ሲያዝ መሪው ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፣ የፊት ጎማው ይሰነቀራል፤ ሰውየው ግን ፍጥነቱን እንደያዘ ነውና ወደ ግራ ይወረወራል። በግራ ደግሞ ባጃጁም አይሱዙውም እየመጣ ነው። በሩ ክንድ ወይም ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደውን አጥንት ቢሰብር ነው፤ የሚያስፈራው ከኋላ የሚመጣው ጎማ ነው። ከፍ ባለ የጭነት መኪና ላይ ደግሞ የበሩ የታችኛው ጠርዝ ከመሪው በላይ ስለሚሆን ትከሻንና ፊትን ይመታል።

«ወደ መሐል ብወጣ ከኋላ ይገጩኛል» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ፊቱ ያለውን እያየ ነው የሚነዳው። ክላክስ ያደርግ ይሆናል፣ ይሳደብም ይሆናል፤ የሚሳደብ ሾፌር ግን ያያችሁ ሾፌር ነው። በር የሚከፍተው ሰው ጀርባውን ሰጥቷችኋል።

አወጣጡም ሥርዓት አለው። የመጀመሪያው የቆመ መኪና ጋ ከመድረሳችሁ 30 ሜትር ያህል ቀደም ብላችሁ ዞር ብላችሁ ኋላን እዩ፣ ግራ እጃችሁን ዘርጉ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ከዚያ መስመራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። በሁለት መኪኖች መካከል ክፍተት ባገኙ ቁጥር እየገቡ እየወጡ መሄድ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ከኋላ ያለው ሾፌር ሲጠፉበትና ሲወጡበት መገመት አይችልም። መንገዱ ጠቦ ሦስት ክንድ ካልተገኘ ደግሞ ፍጥነታችሁን ፈጠን ካለ የእግር ጉዞ እስከማይበልጥ ቀንሱ። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በ3 ሜትር ውስጥ ይቆማል።

«ፍሬኔ ጥሩ ነው፣ ሳይ እይዛለሁ»

በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በአንድ ሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ትሄዳላችሁ። በሩን አይቶ እጅ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንዷ ሰከንድ ታልቃለች። ሁለቱም ፍሬን ደህና ሆኖ፣ አስፋልቱ ደረቅና ሜዳ ሆኖ፣ ለመቆም ሌላ 3 ሜትር ይፈልጋል። ድምሩ ወደ 9 ሜትር፣ ማለትም የሁለት የቤት መኪና ርዝመት። በሩ የሚከፈተው ደግሞ ብዙ ጊዜ 3 እና 4 ሜትር ሲቀራችሁ ነው።

የፊት ፍሬኑ ከተበላሸ፣ ወይም «ይገለብጣል» ተብሎ ከተፈታ፣ ይህ 9 ሜትር ወደ 12 ያድጋል፤ ብስክሌትን በዋናነት የሚያቆመው የፊቱ ነውና። ደሴ ደግሞ የቁልቁለት ከተማ ናት። ቁልቁል በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር መድረስ ፔዳል መምታት እንኳ አይጠይቅም፤ በዚያ ፍጥነት ሜዳ ላይ ሳይቀር ወደ 20 ሜትር ያስፈልጋል። በክረምት ዝናብና በጉሙ ጊዜ፣ ቸርኬው የብረት ከሆነና ከረጠበ፣ ርቀቱ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ስለዚህ ቁልቁለቱን የሚወርድ ሰው ከቆሙ መኪኖች ጎን ሆኖ በፍሬኑ ባይተማመን ይሻለዋል። የፍሬን መያዣው ተጨብጦ ከመሪው ጋር የሚገናኝ ከሆነ ያ ፍሬን አይባልም፤ በሙሉ ኃይል ሲጨበጥ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት መቅረት አለበት።

በሩ ተከፍቶ ከተገኘስ? ሁለቱንም ፍሬን ያዙ፣ ሰውነታችሁን ወደ ኋላ ግፉ፣ መሪውን ቀጥ አድርጉ። ከኋላ ምን እንዳለ ሳታውቁ ወደ ግራ መጠምዘዝ ከበር ሸሽቶ ጎማ ሥር መግባት ሊሆን ይችላል።

«ደወል እደውላለሁ»

መስኮቱ ተዘግቷል፣ ቴፑ ተከፍቷል። አይሰማም።

«ሄልሜት አለኝ»

አድርጉት፣ ጭንቅላት ያተርፋል። ከበሩ ጋር ያለውን ርቀት ግን አንድ ጣት አይጨምርም።

«የቆመ መኪና ሰው የለበትም»

ሰው ያለበትን መለየት ይቻላል፣ ዓይን ከተለማመደ። የፍሬን መብራቱ አሁን የጠፋ፣ ጭስ ማውጫው የሚተነፍስ፣ የፊት ጎማው እንደተጠማዘዘ የቀረ፣ ከመቀመጫው በላይ ጭንቅላት የሚታይበት፣ ሲመሽ ውስጡ መብራት የበራ፤ እነዚህ በማንኛውም ሰከንድ በር ይከፍታሉ። ጥቁር ላስቲክ የተለጠፈበት መስኮት ካለ ውስጡ ሰው እንዳለ ቁጠሩት። ሰዓትም እወቁ፦ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊድ ደጃፍ፣ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ዕቃ በሚጫንበት ሰዓት። በር ለመውረድ ብቻ ሳይሆን ለመሳፈርም ይከፈታል፤ ሲጫን ደግሞ ተከፍቶ ይቆያል።

«ሚኒባስ በሩ ተንሸራታች ስለሆነ አያሰጋም»

ተንሸራታቹ የኋላው ብቻ ነው። ጋቢናው በሁለቱም ጎን እንደ ማንኛውም መኪና ይከፈታል። ተንሸራታቹም ቢሆን በሩ ባይመታችሁ ተሳፋሪው ይመታችኋል፤ ረዳቱ «ወራጅ አለ!» ሲል የሚወርደው ሰው ዓይኑ ደረጃው ላይ ነው። በቆመ ታክሲና በእግረኛ መንገዱ መካከል ሾልኮ ማለፍ ፈጽሞ አይደረግም። ባጃጅም እንዲሁ።

«በተቃራኒ ብነዳ የሚመጣውን አያለሁ»

የበሩ ማጠፊያ ከፊት ስለሆነ በዚያ አቅጣጫ በር የመምታት ኃይሉ ይቀንሳል፤ ነገሩ እውነትነት አለው። በለውጡ የሚገኘው ግን ከአይሱዙ ጋር ፊት ለፊት መገናኘት ነው። ይቅር።

«ስፖኪዮ አይቻለሁ»

አሁን ለሾፌሮች። ስፖኪዮ አይቶ፣ ቁልፍ ነቅሎ፣ ስልክ አንስቶ በር እስኪከፈት 4 ሰከንድ ቢያልፍ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ብስክሌት 22 ሜትር ተጉዟል። ቅድም ባዶ የነበረው መንገድ አሁን ባዶ አይደለም። መታየት ያለበት በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው፣ እጅ በሩ ላይ ሳለ።

ለዚህ ቀላል ዘዴ አለ፦ በሩን በቀኝ እጅ መክፈት። ግራው እጅ ሲከፍት ዓይን ፊት ለፊት ይቀራል። ቀኙ ተሻግሮ መክፈቻውን ሲይዝ ግን ደረት ይዞራል፣ ትከሻም ይከተላል፣ ዓይን ሳይታዘዝ ስፖኪዮውንና ኋላውን ያያል። ከዚያ በሩን አንድ ስንዝር ብቻ ከፍቶ ማቆም፣ ደግሞ ማየት፣ ከዚያ መውረድ። ዘዴው በኔዘርላንድ ስም ይጠራል፤ ብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በመንገድ ደንብ መጽሐፏ አስገብታዋለች። እነሱ ዘንድ ሾፌር በቀኝ ስለሚቀመጥ የሚከፍተው በግራ እጁ ነው፤ ቁም ነገሩ ከበሩ የራቀው እጅ መሆኑ ነው።

ተሳፋሪም አለበት። ከኋላ ወንበር በግራ በር መውረድ ይቅር፤ ተንሸራቶ በቀኝ መውረድ ልብስ ቢያጨማድድ ነው። ልጆች ለሚጭን ደግሞ የብዙ የቤት መኪና የኋላ በር ጠርዝ ላይ፣ በሩ ሲከፈት ብቻ የምትታይ ትንሽ ማብሪያ መሰል ነገር አለች። የግራውን ብትገፉት በሩ ከውስጥ አይከፈትም። ስንቱ ሾፌር መኖሯን ሳያውቅ መኪናውን ሸጧል!

«ምን አስጠጋው?»

ብስክሌተኛ በወደቀ ቁጥር የተሰበሰበው ሰው የሚለው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አንቀጽ 24 የሚለው ሌላ ነው፦ ሌላውን መንገደኛ አደጋ ላይ እንደማይጥል ሳያረጋግጡ በር መክፈት፣ ከፍቶ መተው፣ መውረድም የተከለከለ ነው። ማረጋገጥ የከፋቹ ሥራ ነው።

«ተነስቶ ሄደ፣ ደህና ነው»

ከመሪው ጫፍ ጋር ሆዱ የተጋጨ ሰው ቆዳው ሳይላጥ ውስጡ ሊደማ ይችላል፤ በተለይ ከግራ ጎድን አጥንት ሥር ያለው ጣፊያ። ከሰዓታት በኋላ ሆዱ ከጠነከረ፣ ግራ ትከሻው ካመመው፣ ካላበውና ካዞረው በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይሂድ፣ ጠዋትን አይጠብቅ። የመሪው ጫፍ መሸፈኛው ወልቆ ባዶ ቱቦ የቀረ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ክብ ቢላዋ ነው የሚሆነው። የጠርሙስ ቡሽ ተጠርቦ እዚያ ቢወተፍ ይበቃዋል።