ሞተር ሳይክል ቆሞ ሲወድቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሞተር ሳይክል የሚወድቀው ሲበር ብቻ አይደለም። ሲቆም፣ ሲዞር፣ በእጅ ሲገፋም ይወድቃል። ያን ሁሉ ኪሎ በአንድ ጎን የሚቀበሉት የመሪው ጫፍ፣ የፍሬን ወይም የፍሪሲዮን እጀታ፣ የእግር ማሳረፊያውና የኢንጂኑ የጎን ክዳን ናቸው።

«የሚጥለው ጀማሪ ነው»

መሪው ዞሮ ሳለ የፊት ፍሬን መያዝ ልምድ ያለውንም ይጥላል። በዝግታ ስትዞሩ የኋላውን ፍሬን ተጠቀሙ። የጎን ማቆሚያውም ለስላሳ አፈር ላይ ቀስ እያለ ስለሚሰምጥ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ።

«ጋርዱ በወፈረ ቁጥር ይሻላል»

በብዛት የምሰማው ይሄንን ነው፤ ጣጣውም ትልቅ ነው። ጋርድ፣ ማለትም ሲወድቅ ኢንጂኑን እንዲጠብቅ በግራና በቀኝ የሚታሰረው ብረት፣ የሚጠቅመው ምቱን ራሱ ላይ ሲያስቀር ነው። ጭራሽ የማይጣመም ብረት ኃይሉን በሙሉ ወደታሰረበት ቦታ ያሳልፋል፤ እዚያ ያለው ደግሞ የኢንጂኑ ወይም የሻንሲው የቡሎን መያዣ ነው። የተጣመመ ጋርድ ይቀየራል። መያዣው ከተሰነጠቀ ግን ኢንጂን እስከ ማውረድ ሊያደርስ ይችላል።

ስለዚህ ውፍረቱን ትታችሁ አስተሳሰሩን እዩ። በአንድ ቡሎን ከተንጠለጠለ ይልቅ በየጎኑ ሁለት ሦስት ቦታ የታሰረ፣ ግራና ቀኙም ከፊት የተያያዘ ጋርድ ምቱን ያከፋፍላል። ካሰራችሁ በኋላ ሰው ያግዛችሁና ሞተር ሳይክሉን ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን አጋድሙት። መሬት ቀድሞ የሚነካው ምንድን ነው? የማርሽ መርገጫው ከጋርዱ ከቀደመ፣ ጋርዱ ያን መርገጫ አያድነውም።

«የእጅ መከላከያ ካለ እጀታው አይሰበርም»

ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ የሚከለክለው ንፋስና ጠጠር ነው። እጀታን የሚያድነው ውስጡ አሉሚኒየም ያለው፣ በሁለት በኩል መሪው ላይ የታሰረው ነው።

«የእጀታው ማቀፊያ ጥርቅም ብሎ ይታሰር»

ማቀፊያው እጀታውን መሪው ላይ የሚይዘው ቀለበት ነው፤ ብዙ የገጠር መንገድ ነጂዎች እንዲህ አያስሩትም። ቡሎኖቹ በአነዳድ ጊዜ እጀታው እንዳይነቃነቅ ያህል ይጠብቃሉ፤ በኃይል ሲመታ ግን ማቀፊያው መሪው ላይ ዞር ይላል። መሬት ሲነካ ከመሰበር ይልቅ ይዞራል ማለት ነው፤ እናንተም መልሳችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ምንም ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ስለሆነ ከሁሉ በፊት እሱን ብትሞክሩ ደስ ይለኛል።

«ሲያጋድል ታግሎ መያዝ ነው»

ጥቂት ሲያዘነብል ይያዛል። ክብደቱ አንዴ ካለፈ ግን ልቀቁት፤ እግራችሁንም ከሥሩ አውጡ። ወገብና ቁርጭምጭሚት እንደ ፍሬቻ ተገዝተው አይተኩም።

«ተነስቶ ከሠራ ደህና ነው»

መጀመሪያ ቁልፉን አጥፉ፤ ነዳጅ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። በቀኝ ከወደቀ ከማንሳታችሁ በፊት የጎን ማቆሚያውን ዘርጉ፤ አለዚያ ከተነሳ በኋላ በግራ ይደገማል። ብዙዎቹ በኢንጀክሽን (ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ መርጫ) የሚሠሩ ሞተር ሳይክሎች ሲወድቁ ኢንጂኑን የሚያጠፋ ሴንሰር ስላላቸው፣ እምቢ ካለ ቁልፉን አጥፍታችሁ እንደገና ክፈቱ።

ከዚያ ዘይት የሚያንጠባጥብ ቦታ ፈልጉ። የፍሬን እጀታው ተጨምቆ ሙሉ በሙሉ መመለሱን እዩ። ጎንበስ ብላችሁ የማርሽ መርገጫውንም ተመልከቱ። ወደ ውስጥ ታጥፎ ክዳኑ አጠገብ ከደረሰ ሳታቃኑት አትንዱ፤ በሚቀጥለው ውድቀት ክዳኑን ሊበሳው ይችላል።