ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ አውሮፕላን፦ ክንፍና ጭራ ከአካሉ ጋር የሚጣበቁት እንዴት ነው?

አሜሪካ ውስጥ አውሮፕላን በገዛ ጋራዥ ገጣጥሞ ማብረር ይቻላል። የአገሪቱ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍኤኤ ለዚህ የተለየ ምድብ አለው። ዋናው ቅድመ ሁኔታ ከሥራው የሚበልጠውን እጅ አማተሮች ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው ራሳቸው መሥራታቸው ነው። በሠሪዎቹ ዘንድ «የ51 በመቶ ሕግ» ይባላል። ፋብሪካው ክፍሎቹን በሣጥን ይልካል፤ ይህ ኪት ነው። የቀረው የባለቤቱ ድካም ነው።

ኪቶች ብዙ ዓይነት ናቸው። የቫንስ ኩባንያ አርቪ አውሮፕላኖች አሉሚኒየም ሲሆኑ በሪቬት፣ ማለትም ቆርቆሮዎችን አጣብቆ በሚይዝ አጭር የብረት ምስማር፣ ይያያዛሉ። የተሳሳተ ሪቬት በመሰርሰሪያ ወጥቶ ሌላ ይገባል። የፋይበርግላስ ኪቶች ግን በኢፖክሲ ሙጫ ይጣበቃሉ። መንገዱን የከፈተው አሜሪካዊው የአውሮፕላን ንድፍ አውጪ በርት ሩታን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የበረረው የእሱ አውሮፕላን ቫሪኢዝ ፎም (ቀላል ጠጣር አረፋ) ተቆርጦ በፋይበርግላስ እየተሸፈነ የሚሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የበረረው ግላሴር ደግሞ ክፍሎቹ በፋብሪካ ቅርጽ ወጥተው ለሚመጡ ኪቶች በር ከፈተ። እነዚህ ላይ ሙጫው አንዴ ከደረቀ መመለሻ የለም። ጠማማ የተጣበቀ ክንፍ የሚላቀቀው በመጋዝ ነው። ስለዚህ የሥራው ዋና ክፍል ሙጫው ከመበጥበጡ በፊት ያለው ነው።

መጀመሪያ አካሉ መደገፊያ ላይ ተቀምጦ በርዝመትም በወርድም በውሃ ልክ ይስተካከላል። ከዚያ እንዳይነቃነቅ ይታሰራል፤ ሌላው ልኬት ሁሉ ከእሱ ስለሚነሳ። ከአፍንጫና ከጭራ ቱምቢ ይወርድና ወለሉ ላይ የመሀል መስመር ይሰመራል። ክንፎቹ ቦታቸው ሲገቡ ከእያንዳንዱ ጫፍ እስከ ጭራው መሀል ያለው ርቀት ይለካል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አንዱ ክንፍ ወደ ኋላ ሸሽቷል ማለት ነው። ሜትሩ በሁለቱም በኩል በእኩል ጉልበት መወጠር አለበት። ከረገበ ልኬቱ ይዋሻል።

ከሁሉም አስቸጋሪው የክንፉ የፊትና የኋላ ዘንበል ነው። 1 ሜትር ስፋት ባለው ክንፍ ላይ ሩብ ዲግሪ ማለት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዓይን አያየውም፤ አየሩ ግን ያውቀዋል። ስለዚህ የክንፉን ቅርጽ ተከትሎ የተቆረጠ ጣውላ ክንፉ ላይ ተቀምጦ በላዩ ዲጂታል ውሃ ልክ ይደረጋል። እዚህ ላይ ከቁጥሩ ይበልጥ የግራና የቀኙ እኩልነት ያሳስባል። ሁለቱም ክንፎች በትንሹ ቢዛነፉ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ትንሽ ቀና ወይም ዝቅ አድርጎ ይበራል። አንዱ ከሌላው ከተለየ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን መጋደል ይፈልጋል። የኋላው አግድም ክንፍም የሚስተካከለው ከፊተኛው አንጻር ነው።

ቀጥሎ ያለ ሙጫ ደጋግሞ መግጠም ይመጣል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት በሁሉም ቦታ መመሪያው ከሚፈቅደው ውፍረት ማለፍ የለበትም። ይህን ለማወቅ የልጆች መጫወቻ ሸክላ በላስቲክ ተጠቅልሎ መሀል ይገባና ይጫናል። ሲወጣ የሳሳበትና የወፈረበት ቦታ ይታያል። ልኩ ከተገኘ በኋላ በጊዜያዊ ብሎንና በእንጨት መያዣ ምልክት ይደረጋል፤ ክፍሉ በማጣበቂያው ቀን ያለ ክርክር ወደዚያው ቦታ እንዲመለስ።

የገጹ ዝግጅት ብዙዎች የሚቸኩሉበት ነው፤ መቸኮል ግን አይገባም። ከፋብሪካ ቅርጽ የወጣ ክፍል ላይ ሰም ሊቀር ይችላል። ሳይጠረግ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ ሰሙ ጭረቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ይጠረጋል፣ አብረቅራቂነቱ እስኪጠፋ ይፋቃል፣ እንደገና በንጹህ ጨርቅ ይጠረጋል። ከዚያ በባዶ እጅ አይነካም፤ የጣት ቅባት በቂ ጠላት ነው።

ኢፖክሲውና ማጠንከሪያው በሚዛን ይለካሉ። ማጠንከሪያ መጨመር ሙጫውን አያፈጥነውም፣ ያዳክመዋል። ድብልቁ ብዙ ሆኖ በአንድ ኩባያ ከቆየ ራሱን አግሎ ሊጨስ ስለሚችል በትንሽ በትንሹ ነው የሚበጠበጠው። ለማጣበቂያ የጥጥ ብናኝ ይጨመርበትና እንደ ገንፎ ይወፍራል። ነጩ ቀላል የመስታወት ብናኝ ግን ለመሙያና ለማለስለሻ ብቻ ነው፤ ሸክም አይችልም። ሁለቱን ማምታታት አደገኛ ስህተት ነው።

ክፍሎቹ ከተጋጠሙ በኋላ ሙጫው ሳይደርቅ ሁሉም ልኬት እንደገና ይወሰዳል። የማስተካከያው የመጨረሻ ዕድል ይኸው ነው። ጋራዡም ሙቀቱ ሳይወርድ ማደር አለበት። ሲደርቅ መጋጠሚያው በብዙ ኪቶች ላይ ከውስጥም ከውጭም በፋይበርግላስ ጨርቅ ይጠናከራል።

የተጣበቀ ነገር ጥንካሬው ከውጭ አይታይም። በሳንቲም እየመቱ መስማት ባዶ ቦታ ያሳያል፤ በቆሻሻ ገጽ ላይ የተጣበቀ ደካማ ሙጫ ግን ድምፁ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ሠሪ ከእያንዳንዱ ድብልቅ ትንሽ ናሙና ቀኑን ጽፎ የሚያስቀምጠው። ፎቶና የሥራ መዝገብም ይይዛል፤ ኤፍኤኤ ማን እንደሠራው ሲጠይቅም መልሱ እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተው የሙከራ አውሮፕላን ማኅበር፣ ኢኤኤ፣ ልምድ ያላቸው በጎ ፈቃደኛ አማካሪዎች አሉት። እነሱን መጥራት የሚሻለው የክንፉ ውስጥ ተሸፍኖ ከመዘጋቱ በፊት ነው።

ብዙዎቹ እነዚህ አውሮፕላኖች ነጭ የሚቀቡትም ለውበት ብቻ አይደለም። ጥቁር ቀለም ፀሐይ ላይ ይግላል፤ ኢፖክሲ ደግሞ ሲሞቅ ይለሰልሳል።

የልኬቱ ውጤት የሚታየው በሙከራ በረራ ነው። እንደ ሞተሩና ፕሮፔለሩ ዓይነት ብዙውን ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት በተወሰነ ክልል ይበራል። አብራሪው በተረጋጋ አየር መሪውን ለአፍታ ይለቀዋል። አንዱ ክንፍ ቀስ ብሎ ከወረደ በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ የሚገጠም ትንሽ ማስተካከያ ቅጠል ሊረዳ ይችላል፤ ያ ግን አየር ይጎትታል፣ ፍጥነትም ይበላል።